ሥራ ሳይለቁ ወደ ዲግሪ ትምህርት ለመመለስ

ዲግሪ ጀምሮ ያቋረጠ ሠራተኛ አዲስ ኮሌጅ ከመፈለጉ በፊት ወደ ቀድሞው ተቋም ሬጅስትራር ሄዶ፣ ሲወጣ የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ እንደነበርና የተማራቸው ኮርሶች ዛሬም ይያዙለት እንደሆነ ቢያጣራ ይሻላል፤ ቅጹን ሳይሞሉ የቀሩ ሰዎች ዳግም ቅበላ ሲጠይቁ ሊጉላሉ ይችላሉና። በእጅ የሚሰጠው የውጤት መግለጫ የተማሪ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይበቃ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ (ይፋዊው የውጤት መግለጫ) ከተቋም ወደ ተቋም በቀጥታ እንዲላክ ምዝገባው ሳይደርስ ማመልከት ያስፈልጋል።

የግል ኮሌጅ የሚመርጥ ሰው ማስታወቂያውን ትቶ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ዕውቅና ይመልከት። ዕውቅናው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለትምህርት መስኩ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ዓይነት ተለይቶ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በመደበኛ የተፈቀደ መስክ በርቀትም ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ ወይም የርቀት ትምህርት ምርጫው በሥራ ሰዓት ይወሰናል። አሠሪው ክፍያውን የሚሸፍን ከሆነ፣ ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት ማገልገል እንደሚያስገድድ ውሉ ላይ ሳያነቡ መፈረም አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከመመረቅ በፊት የሚወሰደው የመውጫ ፈተና ግዴታ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ማስታወሻ ጭምር አስቀምጦ ማቆየት ያዋጣል።