የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት መራጭ በዘር ሲሰላ፦ መጀመሪያ ማን ይቀነስ?

አዳማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ አሜሪካ ዘመድ ስላላቸው፣ የምርጫ ሰሞን «ጆርጂያ ላይ ጥቁሩ ስንት ነው? የኛስ ሰው?» ይሉኛል። አብዛኛው ሰው የሕዝቡን ፐርሰንት ጠቅሶ ያልፋል፤ እኔ ግን ይህ መልስ እንዲያልፍ አልፈቅድም።

ከሕዝቡ ላይ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ቀንሱ፤ ቀጥሎ ዜግነት የሌላቸውን። ግሪን ካርድ ያላት እህታችሁ ከሕዝቡ ጋር ተቆጥራለች፣ መምረጥ ግን አትችልም። ቅነሳው ሁሉንም እኩል አይነካም፤ ልጅና አዲስ ገቢ የሚበዛበት ወገን ድርሻው ይወርዳል። በደብተራችሁ ሥሩት፦ ከ1,000 ነዋሪ 200ው ሂስፓኒክ (ዘራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ) ናቸው እንበል። 70 ልጆች፣ 50 ዜግነት የሌላቸው አዋቂዎች ሲወጡ 80 ይቀራሉ። ከሌላው 800 ደግሞ 160 ልጆችና 40 ዜጋ ያልሆኑ ሲወጡ 600። 80ን ለ680 አካፍሉ፤ 20 በመቶ የነበረው ወደ 12 ወረደ።

እውነተኛው ቁጥር የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ ከሚያወጣው «አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ» ይገኛል፤ ሰንጠረዡ ቢ05003 ነው። መጨረሻው ላይ ቢ ፊደል ያለው የጥቁሮች፣ ኤች የነጮች (ሂስፓኒክ ያልሆኑ)፣ አይ የሂስፓኒኮች ነው። የ«ቢ» እና የ«አይ» ሰንጠረዦችን አትደምሩ፤ ጥቁርም ሂስፓኒክም የሆነ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። «ጥቁር» ብሎ የሞላ ሐበሻ እዚያው ቢ ውስጥ ነው፤ ለብቻው ለማየት የትውልድ አገርን ሰንጠረዥ ፈልጉ። ጥናቱ ናሙና ስለሆነ ለትንሽ ቡድን የአምስት ዓመት መልስ የተጠራቀመበትን እትም ውሰዱ።

ጆርጂያ መራጭ ስትመዘግብ ዘር ትጠይቃለች። ያ ግን የተመዘገበው ቁጥር ነው፤ መምረጥ እየቻለ ያልተመዘገበ አይታይበትም።

ወደ አዳማ እንምጣ። በ1999ኙ ቆጠራ ኦሮሞ 39፣ አማራ 34.5፣ ጉራጌ 12 በመቶ ገደማ ነበር። ይህ ሕፃን አዋቂ ሳይለይ የተቆጠረ ነው። እዚህ ሚዛኑን የሚለውጠው ዜግነት ሳይሆን ዕድሜና ፍልሰት ነው፦ ያኔ ታዝለው የተቆጠሩት ልጆች ዛሬ 18 ሞልቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ከተማው የገባውና የወጣው ግን እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ሌላ አገር አቀፍ ቆጠራ እስኪካሄድ ድረስ ያንን ፐርሰንት ስትጠቅሱ «የ1999 ነዋሪ» ብላችሁ ጻፉ፣ «መራጭ» አትበሉ።