ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ፦ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የዩኒቨርሲቲ ግቢ ዕቅድ ሲበላሽ ሁሌም የሚወቀሰው በጀት ነው። እኔ ግን ገንዘብ ሞልቶ የተበላሸም በቂ አይቻለሁ። ለዓመታት በዕቅድ ኮሚቴ ስብሰባዎች ላይ ስቀመጥ አንድ ነገር ደጋግሜ ታዝቤአለሁ፤ ትልልቅ ውሳኔዎች የሚመዘኑት በምረቃው ዕለት በሚሰጡት መልክ ነው። ተማሪውና መምህሩ ግን ሕንፃውን የሚያገኙት እንግዳው ከሄደ፣ አበባው ከደረቀ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚችው የምረቃ ቀን የሚመዘዙ ናቸው።

ግቢውን ሳይረግጡ ከሥዕል መነሳት

አማካሪው ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ስክሪኑ ላይ የወደፊቱ ግቢ ይታያል። ዛፎቹ ሁሉ ያደጉ፣ ሰዎቹ ሁሉ የሚስቁ፣ ሰማዩ ደመና የሌለው። ማንም ዝናብ ሲዘንብ ወዴት እንደሚሮጥ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ሥራ መሆን ያለበት በእግር መሄድ ነው፤ በተለይ አንዱ ክፍለ ጊዜ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች። በማውቀው አንድ ግቢ ከመኝታ ቤቶቹ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚወስደው መንገድ በንድፉ መሠረት ቀጥ ብሎ ሄዶ ዘጠና ዲግሪ ይታጠፍ ነበር። ተማሪው ደግሞ ሣሩን አቋርጦ በሰያፍ ይሄዳል። አስተዳደሩ መጀመሪያ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ጽሑፍ ተከለ፣ ቀጥሎ እሾሃማ ቁጥቋጦ አስተከለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቁጥቋጦው መሃል ትከሻ የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። በመጨረሻ ተሸንፈው በዚያው ዱካ ላይ ድንጋይ አነጠፉ። የጽሑፉ፣ የቁጥቋጦውና የድንጋዩ ወጪ ሲደመር፣ ቀድሞ አንድ ሰው ጠዋት ቆሞ እንዲያይ ቢላክ ኖሮ በነፃ የሚገኝ መልስ ነበር። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኦቫል የሚባለው ሰፊ ሜዳ እንደ ሸረሪት ድር በተጠላለፉ መንገዶች የሚታወቀው የእግረኛው ዱካ ስለተከበረ ነው።

ማስተር ፕላኑን እንደ ታተመ ካርታ መቁጠር

የሃያ ዓመት ዕቅድ ይወጣል፣ በፍሬም ተደርጎ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ይሰቀላል። አራተኛው ዓመት ላይ የተማሪው ቁጥር ከግምቱ ውጭ ይሆናል፣ አንድ ትምህርት ክፍል ከሌላው ይቀላቀላል፣ ካርታው ግን አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ያኔ ሁለት መጥፎ ምርጫ ይቀራል፦ ወይ ለማይፈለግ ነገር መገንባት፣ ወይ ዕቅዱን ጨርሶ ረስቶ ባገኙት ባዶ ቦታ ሁሉ ሕንፃ መሰካት።

የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የተባለውን አርክቴክትና ባልደረቦቹን ቀጥሮ ሌላ መንገድ ሞክሯል። የት ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ በሚወስን ካርታ ፋንታ መርሆች ተቀመጡ፦ ሕንፃው ምን እንደሚመስል የሚጠቀሙበት ሰዎች ይወስናሉ፣ ግቢው በትንንሽ ሥራዎች ቀስ እያለ ያድጋል፣ የትኛው ቦታ ሕይወት እንዳለውና የትኛው እንደሞተ በየዓመቱ ይመረመራል። በየዓመቱ የሚለው ቃል ነው እኔን የሚገርመኝ። ስንቱ ተቋም ነው ግቢውን በየዓመቱ የሚመረምረው? ሒሳቡን እንኳ በግድ ነው።

ሰው የማይነካው ሕንፃ መሥራት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) በ1943፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ ለራዳር ምርምር ከእንጨት አንድ ሰፊ ሕንፃ በጥድፊያ ሠራ። ስም እንኳ አላገኘም፤ «ሕንፃ 20» ብቻ ተባለ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሊፈርስ የታሰበው ይህ ጊዜያዊ ቤት የፈረሰው በ1998 ነው። በበጋ ይሞቃል፣ በክረምት ይበርዳል፣ ወለሉ ይንቋቋል። ግን ተመራማሪው ሽቦ ለማሳለፍ ግድግዳ ቢበሳ፣ ትልቅ መሣሪያ ለማቆም ወለል ቢያነሣ ማንም አይቆጣውም ነበር። የቋንቋ ሊቁ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰውና የድምፅ አጥኚው በአንድ ኮሪደር ይተላለፉበት ነበር፤ ከዚያ የወጣው ሥራ ብዙ ነው።

በዚያው ቦታ ላይ በ2004 በፍራንክ ጌሪ የተነደፈው የስታታ ማዕከል ተከፈተ፤ ወጪው ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2007 ዩኒቨርሲቲው ሕንፃው ያፈሳል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ሻግቷል ብሎ የአርክቴክቱን ድርጅትና ተቋራጩን ከሰሰ፤ ጉዳዩም በ2010 በስምምነት ተዘጋ። ለፍትሕ ያህል፣ ስታታን የሚወዱት ብዙ ናቸው፣ ግቢውን ለዓለም ያስተዋወቀም ነው። እንጨት ቤት ሥሩ ማለቴም አይደለም። አንድ ሕንፃ ሲታቀድ ግን ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይነሣ፦ ከአሥር ዓመት በኋላ እዚህ የሚገባ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ምን መቀየር ይችላል? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ የተሠራው ሙዚየም ነው።

የጥገና ኃላፊውን አለመጥራት

ይህ አጭር ነው። በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ምክትል ፕሬዚዳንቶች ሁሉ አሉ፣ የቧንቧውን መስመር በቃሉ የሚያውቀው ሰው የለም። እሱ ቢኖር የሚጠይቀው ቀላል ነው፦ ያንን መስታወት ማን ያጥበዋል፣ በምን ወጥቶ? የመብራቱ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ለግንባታ የሚሰጥ ለጋሽ ይገኛል፤ የጣሪያ አሸንዳ ለማስጠረግ ገንዘብ የሚሰጥ ለጋሽ ግን አላየሁም። ስለዚህ የጥገናው በጀት ከግንባታው ጋር በአንድ ወረቀት ካልጸደቀ በኋላ አይመጣም።

ማንነትን በአርማ ለመግዛት መሞከር

አዲስ ፕሬዚዳንት ሲሾም የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2012 አዲስ አርማ አስተዋወቀ። የተከፈተ መጽሐፍ ያለበት አሮጌው ማኅተም እንደማይቀር ተቋሙ ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም፤ ከ50,000 በላይ ሰው የተቃውሞ ፊርማ አኖረ፣ አርማውም በዚያው በታኅሣሥ ወር ተነሣ። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅም በ2014 መጨረሻ «ኮሌጅ» የሚለውን ቃል ከመጠሪያው አወጣለሁ ብሎ፣ ወር ከምናምን ሳይቆይ፣ በጥር 2015 ሐሳቡን ተወ።

ቁጣው ስለ ቀለም ወይም ስለ አንድ ቃል አይመስለኝም። ሰዎቹ የተቆጡት የእነሱ ነው ብለው ያሰቡት ነገር እነሱ በሌሉበት ስለተለወጠ ነው። ምልክት ሲሠራ የሚያምረው ከቦታው ከራሱ ሲነሣ ነው። የሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት ተመልከቱ፤ መጽሐፍ የሚቀመጥበት ክፍል ብዙ ብርሃን አይፈልግም፣ ስለዚህ መስኮት የሌለው ትልቅ ሣጥን ሆነ። አርክቴክቱ ሁዋን ኦጎርማን ያንን ባዶ ግድግዳ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች በተሰበሰበ ባለ ቀለም ድንጋይ አለበሰው፤ ታሪኳንም ሣለበት። ዩኔስኮ ዋናውን ግቢ በ2007 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ያንን ሕንፃ አይቶ የየት ዩኒቨርሲቲ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሎጎም አላስፈለገው።

ከታሪክ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ መለጠፍ

የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ መሥራች ቶማስ ጀፈርሰን በግቢው ራስ ላይ ያቆመው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ይህ ሲተረክ የኖረ ኩራት ነው፣ ተገቢም ነው። ግቢውን የሠሩት ግን በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ለእነሱ መታሰቢያ የቆመው በ2020 ነው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መታሰቢያው ድንጋይ ላይ በስም የሚታወቁት በስማቸው፣ ስማቸው ያልተገኘው ደግሞ በሠሩት ሥራ ወይም በዝምድናቸው ተጠቅሰዋል፤ ምንም ያልታወቀላቸው ባዶ ጭረት ብቻ ነው ያላቸው። ጭረቶቹ እጅግ ብዙ ናቸው። ለኢዮቤልዩ የሚታተም መጽሔት የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ ያንን ድንጋይ ቢያየው እላለሁ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ «አስተያየት ካላችሁ» ማለት

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ንድፉ ጸድቋል፣ ጨረታው ወጥቷል፣ ተማሪዎች የተጠሩት እንዲያጨበጭቡ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ሥዕሉ ተጠግቶ ጣቱን ዋናው በር ላይ አደረገና «እኔ በየት ነው የምገባው?» አለ። አርክቴክቱ ወረቀቱን አገላበጠ። ከበሩ ፊት ያለው ደረጃ አሥራ አራት ነበር።

ራምፑ በኋላ ተሠራ። ከሕንፃው ጀርባ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ።