አሮጌ መኪና ለበረዶ ወራት ሲቆም በሞተር ማቀዝቀዣው ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በአገር ቤት ክረምት ዝናብ ስለሆነ፣ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ መንዳት ብዙም አያስደነግጥም። ይህን ልማድ እንደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ ወደሚወርድበት ስፍራ ይዞ የሄደና አሮጌ መርሴዲሱን እስከ ጸደይ ጋራዥ ውስጥ የሚያቆም ሰው ግን ሞተሩን ሊያጣ ይችላል፤ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ወፍራሙን የብረት ብሎክ (የሞተሩን ዋና አካል) እንኳ ይሰነጥቃል። (የጥንቷ ቮልስ ባለቤቶች ከዚህ ሐሳብ ነጻ ናቸው፤ የእርሷ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው።)

በጣም የተለመደው ስህተት በራዲያተሩ ያለው አንቲፍሪዝ (ውሃው በብርድ እንዳይረጋ የሚደባለቅበት ፈሳሽ) አረንጓዴ መሆኑን አይቶ መተማመን ነው። በየጊዜው ውሃ ሲጨመርበት የቆየ አንቲፍሪዝ ቀለሙን ሳይለቅ ብርድ የመቋቋም አቅሙን ሊያጣ ስለሚችል፣ ከመኪና ዕቃ መደብር በሚገኝ ርካሽ መለኪያ መፈተሽ ያስፈልጋል። ዝገት የሚከላከሉት ቅመሞች ከዕድሜ ጋር የሚያልቁ በመሆናቸው፣ መለኪያው ጥሩ ቢያሳይም ለዓመታት ያልተቀየረ ፈሳሽ መለወጥ አለበት።

ሌሎች ደግሞ «ከበዛ ይሻላል» ብለው አንቲፍሪዙን ያለ ውሃ ይሞላሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ የአንቲፍሪዙ ዋና ንጥረ ነገር ኤቲሊን ግላይኮል ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቋቋማል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 13 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ ላይ ይረጋል። የተሞላውም ውህድ በሞተሩ ካልተዘዋወረ ጥቅም የለውም። የመኪናው ውስጥ ማሞቂያ ተከፍቶ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ፈሳሹን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) እስኪከፈትና የላይኛው የራዲያተር ቱቦ እስኪሞቅ ድረስ ሞተሩ መሥራት ይኖርበታል፤ ይህ ካልተደረገ በማሞቂያው ውስጥ የቀረው አሮጌ ውሃ እዚያው ወደ በረዶ ይለወጣል።

ፈሳሹን ጨርሶ አፍስሶ መኪናውን ባዶ ማቆም ብልሃት ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። የራዲያተሩ የታችኛው ማፍሰሻ ብቻ ሲከፈት በብሎኩና በማሞቂያው ጓዳዎች ውሃ ይቀራል፤ እርጥበቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ብረቱን ያዝገዋል፣ የውሃ ፓምፑም ማሸጊያ ይደርቃል።

በእርሳስ የተበየደ የመዳብ ራዲያተር ያለው መኪና ደግሞ ለዘመናዊ የአሉሚኒየም ሞተሮች የተዘጋጀውን አንቲፍሪዝ ሁሉ አይስማማውም፤ በዕቃው ላይ ለአሮጌ መኪና እንደሚሆን የተጻፈውን መምረጥ ይገባል።

የፈሰሰውን በጋራዡ ወለል ላይ መተው ከሁሉ የከፋ ቸልተኝነት ነው፤ ኤቲሊን ግላይኮል ስለሚጣፍጥ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ጥቂቱም ኩላሊታቸውን አጥፍቶ ይገድላቸዋል።