የሆድ ሕመም ሁሉ የስፌት አይደለም

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው ትልቅ የደም ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ለምታስታምሙ ነው። አንዳንዱን ነገር ከእኛ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። አንዱ ያለ ጠጠር የሚመጣ የሐሞት ከረጢት ቁጣ ነው።

አንድ አባት ነበሩ። ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ አብጦ በሰው ሠራሽ ቧንቧ ተተካላቸው። በስድስተኛው ቀን ትኩሳታቸው 38.6 ገባ። ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። “ስፌቱ ነው” ተባለ፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ልጃቸው ግን “አባዬ እጁን የት እንደሚያደርግ አየሽ?” አለችኝ። ስፌቱ ያለው መሃል ሆዳቸው ላይ ነው። እጃቸው ግን እንቅልፍ ሲወስዳቸው እንኳ ቀኝ ጎድናቸው ሥር ነው። በአልትራሳውንድ ሲታዩ የሐሞት ከረጢታቸው ተነፍቷል፣ ግድግዳው ወፍሯል፣ ዙሪያው ውሃ ቋጥሯል። ብዙውን ጊዜ ከረጢቱን የሚያስቆጣው ጠጠር ግን አልነበረም።

ያለ ጠጠር እንዴት ይቆጣል? ከረጢቱ ተጨምቆ ሐሞቱን የሚያወጣው ስንበላ ነው። በሽተኛው ለቀናት ሳይበላ ሲቆይ ሐሞቱ እዚያው ተኝቶ ይወፍራል። እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎችም መውጫውን ያጠቡታል። ብዙ ደም ፈስሶ ወይም የደም ግፊት ወርዶ ከነበረ ደግሞ ግድግዳው ደም ያጥረዋል። ለዚህ ነው ይህኛው ዓይነት ከጠጠሩ ይልቅ ቶሎ የሚበሰብሰውና የሚበሳው። ይደር የሚባል ነገር አይደለም።

እንግዲህ “ያምዎታል?” ብላችሁ አትጠይቁ። ሆዱ የተከፈተ ሰው ሁሉ አዎ ይላል። “በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ” በሉ። ጣቱ ቀኝ ጎድን ሥር ካረፈ፣ በረጅሙ ሲተነፍስም ሕመሙ ትንፋሹን ከቆረጠው ወዲያው ነርስ ጥሩ። እናንተ ሆዱን አትጫኑ፤ መመርመሩ የሐኪሙ ነው። ዐይኑ ቢጫ መሆን አለመሆኑን በቀን ብርሃን እዩ፤ የአምፖል ብርሃን ያታልላል። ትኩሳቱን ከነሰዓቱ ጻፉ። ከቤት ያመጣችሁትን ማስታገሻ አትስጡ፣ ምልክቱን ይሸፍነዋል።

በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ ሰው ጣቱን አያሳያችሁም። እሱ ላይ የሚታየው ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞቹ በሽተኞችን ሊያዩ (ለራውንድ) ሲመጡ “የሐሞት ከረጢቱ ታይቷል?” ብላችሁ ጠይቁ። ታይቶ ደህና ነው ቢባልም ትኩሳቱ ካልለቀቀ ድጋሚ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም።

ቤት ከገባችሁ በኋላም ትኩሳት ከብርድ ብርድ ጋር ከመጣ ተመለሱ። ሰው ሠራሽ ቧንቧ እንደተገጠመለት በመጀመሪያ ተናገሩ፤ ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን እዚያ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

የተቆጣው ሐሞት ከረጢት ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ ከዚያ ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሌላ ቀዶ ሕክምና የማይችል ሰው ከሆነ ሐሞቱን የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ በቆዳው በኩል ይገባለታል። እኚያ አባት የተደረገላቸው ይሄ ነው። ቱቦው ለሳምንታት ይቆያል፣ መጎተት የለበትም። ልጃቸው ገልብጣ ስታስተኛቸው መጀመሪያ ከቱቦው የሚወርደው ሐሞት የሚጠራቀምባትን ከረጢት ታነሣለች፣ ከዚያ አባቷን። በየቀኑ የወጣውን መጠንና ቀለም ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሐሞቱ ድንገት መውረዱን ካቆመ ወይም ደም ከቀላቀለ በዚያው ቀን መደወል ነው።