«ሁሉም የሚያውቀው ዘፈን» ባለቤት የለውም? መድረክ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ማታ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ዞር ዞር ብትሉ ኦርጋን የማይሰማበት ሰፈር አታገኙም። ሠርግ አለ፣ መልስ አለ፣ የካፌ ምርቃት አለ። እኔም ኦርጋን ተጫዋች ነኝ። እንጀራዬ የወጣው ሌሎች ከደረሱት ዘፈን ነው። የቅጂ መብት ነገር የሚያንገበግበኝም ለዚሁ ነው። አብዛኞቻችን የምናጠፋው ክፋት ኖሮብን ሳይሆን፣ በሰሚ ሰሚ የያዝነውን እውነት ነው ብለን ነው።

«ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለዚህ የሁሉም ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዘፈን ስለታወቀ ባለቤት አያጣም። የቅጂ መብት ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲውን መብት ዕድሜ ልኩን፣ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በ1990 ያረፈ ዜማ ደራሲ ቢኖር ሥራው ዛሬም ጥበቃ አለው። በሕዝብ ፊት መጫወት ደግሞ እንደ ማባዛትና ማሰራጨት ሁሉ ራሱን የቻለ መብት ነው።

ደራሲው የማይታወቅ የአገር ቤት የሠርግ ዘፈን ሌላ ነገር ነው። እዚያም ቢሆን አንድ አቀናባሪ አሮጌውን ዜማ በራሱ መንገድ ከሠራው፣ ቅንብሩ የእሱ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ዘፈን የምይዘው ከእናቶች አፍ ነው እንጂ ከሰው ቅንብር አልገለብጥም።

ልደት ላይ የምንዘምረው «ሃፒ በርዝደይ» እንኳ ታሪክ አለው። ዜማው የሁለት አሜሪካውያን እህትማማቾች፣ የፓቲና የሚልድሬድ ሂል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመው በሌላ ግጥም፣ የሕፃናት መዝሙር ሆኖ ነበር። አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ለዓመታት ሲያስከፍልበት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤት በግጥሙ ላይ ሕጋዊ መብት የለህም አለው። ዘፈኑን ዓለም ሁሉ እያወቀው፣ እስከዚያ ድረስ ሰው ሲከፍልበት ኖሯል።

«ድምፃዊው ፈቅዶልኛል»

ባለፈው ክረምት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለ ካፌ ከአንድ አንጋፋ ዜማ ደራሲ ጋር ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ሞንታርቦው ድንገት የእሳቸውን ዜማ ለቀቀው። አስተናጋጇ አብራ እያንጎራጎረች ስኒ ታነሳለች። ጋሼ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ምቱን ይጠብቃሉ። «ይቺን በሻማ ነው የሠራኋት፣ መብራት ጠፍቶ» አሉኝ። ሲያልቅ ኪሳቸውን ዳብሰው የሁለታችንንም ሂሳብ ከፈሉ። እዚያ ቤት የዘፋኙን ስም ሁሉም ያውቃል። የእሳቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ድምፃዊው የራሱ መብት አለው፤ የድምፅ ቅጂውን ያሳተመውም እንዲሁ። ግጥሙና ዜማው ግን መጀመሪያ የደራሲዎቹ ናቸው። መብቱን በውል ካላስተላለፉለት በቀር ዘፋኙ በእነሱ ፋንታ ሊፈቅድላችሁ አይችልም።

«ሲዲውን ገዝቻለሁ»፣ «ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለ»

ሲዲ ስትገዙ የምትገዙት ማዳመጥን ነው። ፍላሽ ላይ ገልብጦ ለደንበኛ መልቀቅ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። ዩቲዩብም ያው ነው።

«መግቢያ አናስከፍልም»

ሕጉ የሚለቀው በቤተሰብ ስብስብ ወይም በትምህርት ቤት፣ በግል፣ ያለ ክፍያ የሚቀርበውን ነው። የአክስታችሁ ልጅ ሳሎን ውስጥ ጊታር ቢያነሳ ማንም አይጠይቀውም። ካፌ ግን መግቢያ ባያስከፍልም ለሁሉም ክፍት የንግድ ቤት ነው። ሠርግ የቤተሰብ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን እኔ ተከፍሎኝ ነው የቆምኩት። «ያለ ክፍያ» የሚለው ቃል እኔን አይሸፍነኝም ብዬ ነው የምሠራው።

«ግጥሙን ትንሽ ቀይሬዋለሁ»

እንዲያውም ይብሳል። ደራሲው ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው እንዳይዛባበት የመጠየቅ መብት አለው። የፍቅር ዘፈን ላይ የሱቅ ስም ሰክቶ ማስታወቂያ ማድረግ ሥራውን ማዛባት ነው።

«አልተመዘገበም»

ጥበቃው ምዝገባ አይጠብቅም።

«በቃል ተስማምተናል»

ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። የዘፈኑን ስም፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን ስም፣ የት፣ መቼና በስንት እንደምትጫወቱት ጻፉበት። የ2007ቱ ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራቸውን ሌላው ሲጠቀምበት የሚከፈላቸውን ገንዘብ፣ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። ደራሲውን ማግኘት ካቃታችሁ በማኅበር በኩል ጠይቁ፤ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም አለ። ፈቃዱ እስኪደርስ እኔ ያንን ዘፈን ከዝርዝሬ አወጣዋለሁ። ሙሽራዋ ከጠየቀችኝም ምክንያቱን እነግራታለሁ።