ከገበሬ ጋር ወረዳ ስትሄዱ

ጋሞ ደጋ ውስጥ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ ድሮ ራፖር ጸሐፊ ይባል የነበረው። ጠዋት ስከፍት በሌሊት ተነስተው በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኛለሁ። የሚያወሩት ጋሞኛ ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው ግን በአማርኛ። ብዙዎቹ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ቀድመው የለመዱት «ነገ ና»ን ነው፤ ይህ ነገር ያመኛል።

መምህራንም፣ ለዕረፍት የመጡ ተማሪዎችም «መርዳት እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?» ይሉኛል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አዳምጡ። በራሳቸው ቋንቋ፣ ሳታቋርጡ። ገበሬ «መሬቴን ወሰዱብኝ» ሲል ጎረቤት ድንበር ገፍቶበት ሊሆን ይችላል። ለመንገድ ሥራ ተብሎ ከመሬቱ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ በልኬታው ጊዜ ማሳው በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ። የድንበሩ ነገር ብዙ ጊዜ በሽማግሌ፣ በዱቡሻ ማለትም በጋሞ ባህላዊ ሸንጎ ያልቃል። የቀሩት ሁለቱ ወረቀት ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ደብተሩን ጠይቁ፤ የይዞታ ማረጋገጫውን ማለቴ ነው። ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ስሙ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰላል? የጋሞኛ ስም በአማርኛ ሲጻፍ በየቢሮው መልኩን ይለውጣል፤ በአንዲት ፊደል የተነሳ ወራት ሲመላለሱ አይቻለሁ። የሚስት ስም አለበት? አዋሳኞቹ እነማን ናቸው? የሁለተኛው ደረጃ ደብተር ከሆነ ካርታና የማሳ መለያ ቁጥር ይኖረዋል። ካርታውን ይዛችሁ ማሳው ድረስ ሂዱና ዙሩበት። ደብተሩ ራሱ ከእጃቸው አይውጣ፤ ለቢሮ ኮፒ ይበቃል፣ ዋናው ለማመሳከር ብቻ ይታያል።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ምን እንደተፈጸመ፣ ምን እንደሚጠየቅ። ብሶቱን አውቀዋለሁ፣ ግን ኃላፊው የሚፈልገው የመጨረሻዋን መስመር ነው፦ «ስለዚህ ይህ እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ»። ጽፋችሁ ስትጨርሱ በጋሞኛ መልሳችሁ አንብቡላቸው። ያልገባቸውን ወረቀት አታስፈርሟቸው።

አሁን ዋናው። ማመልከቻውን ለማንም በእጅ አትስጡ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። አንዱ ገቢ ይሆናል። በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጉ፤ እሱ የገበሬው ነው። አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ለአንድ ሠራተኛ በእጃቸው ሰጥተው ሦስት ጊዜ «ማመልከቻ አላየሁም» ተብለዋል። በአራተኛው አብረን መዝገብ ቤት ገባን። ማህተሙ ሲያርፍ አይተው ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

የእኚህ እናት ጉዳይ ካሳ ነበር። መንገድ በጓሯቸው ሊያልፍ እንሰታቸው ተቆጥሮ ሲመጣ ቁጥሩ አነሰባቸው። «ትንንሾቹን ዘለሏቸው ልጄ» አሉኝ። እንሰት እኮ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ትንሿም የዓመታት ልፋት ናት። እንደገና ይቆጠርልኝ ብለው ከማመልከታችን በፊት ራሳቸው ቆጠሩ። ከልጃቸው ጋር በየረድፉ እየሄዱ፣ በተቆጠረው ግንድ ሁሉ ላይ ደረቅ የእንሰት ቅጠል አሰሩ፤ እንዳይደገም፣ እንዳይዘለል። እኔ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ሁለት ጎረቤቶች ምስክር ሆነው ፈረሙ። እናንተም ቆጣሪው ሳይመጣ እንዲህ አድርጉ። ቆጠራው ላይ ባለቤቱ ይቁም፤ ቅጹ ላይ ከመፈረሙ በፊት ቁጥሩ ይነበብለት።

ሕጉንም ያዙ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርሶ አደር ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ደግሞ ለንብረቱ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንደሚከፈል ይናገራል። የካሳው አዋጅ 1161/2011 ነው፤ በ1336/2016 ተሻሽሏል። ሁለቱንም አትማችሁ ያዙ፣ በአሮጌው ብቻ አትከራከሩ። የአቤቱታ ጊዜ ይቆጠራል፤ 1161 ያስቀመጠው 30 ቀን ነበር። ስለዚህ ከቢሮ የመጣው ደብዳቤ ለገበሬው የደረሰበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ወዲያው ጻፉ።

ወረዳው ዝም ካለ ያንኑ ማህተም ያረፈበትን ቅጂ አባሪ አድርጋችሁ ዞን ሂዱ። የአስተዳደር በደል ከሆነ እንባ ጠባቂ አለ። ፍርድ ቤት ከደረሰ ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የዳኝነት መክፈል ያቃተው ደግሞ በደሃ ደንብ እንዲከስ መጠየቅ ይችላል። «የሻይ» ለሚል ሰው ግን አትክፈሉ። እናንተ አንዴ ከከፈላችሁ ከኋላችሁ የሚመጣው ሁሉ ይጠየቃል።

አንድ ነገር ለእኔም ከብዶኝ ነበር። ቢሮ ስንገባ ፈጥኜ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ሠራተኛው እኔን ያያል፣ ገበሬው መሬት መሬት ያያል። አሁን አስተርጓሚ ብቻ ነኝ። ባለጉዳዩ ከፊት ይቀመጣል፣ ወረቀቱን የሚያወጣው እሱ ነው፣ የሚጠይቀውም እሱ። ይዘገያል። ይዘግይ።

እኚያ እናት እንሰታቸው በድጋሚ ተቆጠረላቸው። ባለፈው ኅዳር ደግሞ አንዲት ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ማመልከቻውን ጽፌ ስጨርስ ገንዘቡን ከፈሉና «ሁለት ቅጂ አድርገው» አሉኝ። ልከተላቸው ስነሳ በእጃቸው አስቀመጡኝ። ሴትዮዋን ክንዷን ይዘው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ገቡ።