ስኳሩ «የለቀቀው» ታማሚ፦ ኢንሱሊን ከደም አልወጣ ሲል

ምልክት

ለዓመታት ኢንሱሊን ሲወጋ የኖረ ሰው፣ መጠኑን ሳይጨምር ስኳሩ ይወርድበት ጀመር። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በጥር ውርጭ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንሶላው በላብ ርሶ ከነቃ ብርድ ልብሱ በዝቶበት አይምሰላችሁ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ሲያናግሩት ንግግሩ ይምታታል። መለኪያው ከ70 ሚሊግራም በታች ያነብባል።

አጎቴን ይህ ሲገጥማቸው ቤተሰቡ «ስኳሩ ለቀቃቸው» ብሎ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። እኔም ከተደሰቱት አንዱ ነበርሁ። ያስደሰተን የኩላሊታቸው መድከም መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው።

ምክንያት

ኢንሱሊን ስኳርን የሚያወርድ ሆርሞን፣ ማለትም በደም የሚላክ መልእክተኛ ነው። ሆርሞን መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ከደም መወገድ አለበት፤ ካልተወገደ ማዘዙን አይተውም። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን አስቀድሞ በጉበት ያልፋል፤ ግማሽ ያህሉም እዚያው ይቀራል። ከቆዳ ሥር የተወጋው ግን በጉበት በኩል ሳይሆን በቀጥታ ወደ ደም ዝውውር ስለሚገባ፣ እሱን የማስወገዱ ሸክም በይበልጥ ኩላሊት ላይ ይወድቃል። ኩላሊት ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚገምተው በሽንት አይደፋውም። ያጣራውን ኢንሱሊን የቱቦዎቹ ሴሎች መልሰው ይውጡትና እዚያው ይሰባብሩታል፤ ወደ ሽንት የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ20 ሚሊሊትር በታች ሲወርድ ይህ ሥራ በግልጽ ይዳከማል፤ የማታው መርፌም ሲሠራ ያድራል።

በዚያ ላይ ጤነኛ ኩላሊት ምግብ በማይገባበት ሰዓት ስኳር ሠርቶ ለደም ያቀብላል፤ የደከመው ይህንንም ይተዋል። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ችግሩን መጀመሪያ በእነዚያ ቀናት ቢያየው አይገርምም። ለብርዱ ተብላ የምትቀመሰው አረቄም ጉበት ስኳር እንዳይሠራ ስለምታግድ ነገሩን ታባብሳለች።

መፍትሄ

ታማሚው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፤ ካልተነሣለት ይድገም። በሶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ለመጀመሪያው እርዳታ ይዘገያል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይፈስስም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ሲነጋ ወደ ሐኪም። አጎቴ የሌሊቱን ልኬት በአሮጌ ደብተር ጽፈው ይዘው ነበር፤ ሐኪሙ ገጾቹን ገልጦ «ክሬአቲኒን የተመረመሩት መቼ ነው?» ሲላቸው ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታቸው ነበር። ክሬአቲኒን ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚከማች ቆሻሻ ነው፤ ከእሱ ምርመራ ጋር በሽንት የሚወጣው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲንም ይታያል። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ50 ሚሊሊትር በታች ሲሆን ሐኪሞች በተለምዶ ኢንሱሊኑን በሩብ ያህል፣ ከ10 በታች ሲሆን በግማሽ ይቀንሳሉ። መቀነስ ነው እንጂ በራስ ፈቃድ ማቆም አይደለም። ለስኳሩ ኪኒን የሚወስድ ሰው ግሊቤንክላማይድ ስለተባለው ስኳር አውራጅ ኪኒን ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ኩላሊት ሲደክም እሱም በሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ያወረደውም ስኳር ለሰዓታት ዝቅ እንዳለ ይቆያል። የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ አምሮ ቢወጣም አትተማመኑበት፤ የኩላሊት ሕመም የሚያመጣው የደም ማነስ ቁጥሩን ሊያሳንሰው ይችላል።

ሌላ ምልክት

ኩላሊቷ የደከመ፣ የማታጠባ ሴት ጡቷ ወተት ቢያወጣ ወይም የወር አበባዋ ቢዛባ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ተከማችቶ ሊሆን ይችላል። ይህም በደም ምርመራ ይታያል፤ እርግዝና አለመኖሩ ግን አስቀድሞ ይጣራ።